ከሰንበቴ እስከ ከሚሴ አልቸኩልም

መንጃ ፈቃድ ባወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት መኪናዬ ከጨፋ ሮቢት ወደ ከሚሴ በሚወስደው አስፋልት ላይ መንገዱን በአግድም ዘግታ ቆመች። የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ማካፋት ጀምሯል። ወደ ቦርከና በሚወርድ ጅረት ላይ ወደተሠራች ትንሽ ድልድይ ቁልቁል እየወረድኩ ሳለ አንዲት ጥጃ ከፊቴ ስትሻገር አየሁና ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩት። ጎማዎቹ ቆሙ፤ መኪናዋ ግን አልቆመችም። ሳሙና እንደ ረገጠ ሰው ተንሸራታ፣ ኋላዋ ወደ ጎን ዞሮ፣ ከድልድዩ ግንብ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። ጥጃዋ ዘወር ብላም ሳታየኝ ሣሯን እየነጨች ሄደች። ከወዲያም ከወዲህም መኪና አልመጣም። መጥቶ ቢሆን ኖሮ ይህን የምጽፈው እኔ አልሆንም ነበር።

መሪውን እንደ ጨበጥኩ ጥቂት ቆየሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ካርድ መንዳት ትችላለች ይላል፤ ማኅተምም አለው። እኔ ግን መኪና ማቆም እንኳ እንደማልችል ያን ዕለት አወቅኩ።

መሪ የጨበጥኩት በንዴት ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት ከሰንበቴ ገበያ በሚኒባስ ከሚሴ ወዳለው ቤቴ እየተመለስኩ ነበር። ሥራዬ ንግድ ነው፤ ገመድ፣ ጀሪካንና ሸራ ለከብትና ለግመል ነጋዴዎች እሸጣለሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው የጨፋ ሮቢት ሽንኩርት ነጋዴ ነበረች። በየገበያው እንተያያለን፤ ያን ቀን ግን ልጇን ልትድር መሆኑን ነገረችኝና ስለ ድግሱ አወራን። ሾፌሩ ከፊታችን ካለ ሌላ ሚኒባስ ጋር ውድድር ገብቷል። ቀድሞ ጨፋ ሮቢት የደረሰ የቆመውን ተሳፋሪ ያፍሳላ! ወንዶቹ «በለው! በለው!» ይላሉ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሾፌራችን አንድ የጭነት መኪና ደርቦ ሊያልፍ ሲወጣ ከወዲያ ሲኖትራክ መጣ። ሾፌሩ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘው፤ ከአስፋልቱ ወጥተን ማሽላው ውስጥ ተገለበጥን። የእኔ የትከሻ አጥንት ተሰበረ። እሷ ሐኪም ቤት ሳትደርስ ሞተች።

ለቅሶዋ ቤት ለተዕዚያ ስንቀመጥ የመጣው ሁሉ «ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው፣ ምን ይደረጋል» አለ። ክንዴ በፋሻ ተንጠልጥሎ ጥግ ተቀምጬ ነበር።

«ቀደር መሆኑን አምናለሁ» አልኩ። «ነዳጁን የረገጠው ግን የሾፌሩ እግር ነው። እግሩን ማንሳት ይችል ነበር።»

የባሌ ታላቅ እህት በክርኗ ጎሸመችኝ። ባሌን እንደ እናት ያሳደገችው እሷ ናት፤ ቤታችን ውስጥ ቃሏ አይታጠፍም። ስንወጣ «ለቅሶ ቤት ውስጥ ክርክር ምን ይሉታል? አሰደብሽን» አለችኝ። ልቤ ግን ቆርጦ ነበር፤ ከእንግዲህ ሌላ ሰው ሲቸኩል ነፍሴን አስይዤ አልቀመጥም።

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። መኪና ገዝተን ዕቃችንን በራሳችን እናመላልስ ስለው ተስማማ። ከእሱም ከእኔም የተጠራቀመውን አውጥተን አሮጌ ደብል ጋቢና ፒካፕ ገዛን። ከዚያ «አንድ ደህና ሾፌር እንቅጠር» አለ።

«ሾፌር አንቀጥርም» አልኩት።

«ማን ሊነዳው ነው ታዲያ?»

«እኔ።»

መቀሱን አስቀመጠና አየኝ። ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። «እህቴን አንቺ ራስሽ ንገሪያት» ብሎ ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

ነገርኳት። «መሪ ጨብጠሽ፣ ወንዶች መሃል፣ ሰንበቴ ገበያ ልትገቢ?» አለች። «አዎ እትዬ» አልኩ። ለአንድ ወር ያህል ቤታችን አልመጣችም።

ሥልጠናውን ኮምቦልቻ ተከታተልኩ። በቆሙ እንጨቶች መሃል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስንሄድ ከረምን። እንጨት አይደነብርም፤ ዘሎ መንገድ ውስጥ አይገባም። አሠልጣኛችንን ከብት መንገድ ላይ ሲያጋጥም ምን እንደሚደረግ ጠየቅኩት። «ዋናው ፈተናውን ማለፍ ነው፤ መንዳቱን መንገድ ላይ ትለምጂዋለሽ» አለኝ።

«መንገድ ላይ የምለምደው በማን ነፍስ ነው?» አልኩት።

ሳቀ። አብረውኝ የሚማሩትም ሳቁ። ፈተናውን አለፍኩ። ከዚያ ያ ድልድይ መጣ።

በሰፈራችን አንድ ሽማግሌ አሉ። ሠላሳ ዓመት ያህል ተሳቢ ይዘው የአሰብን መስመር ሲመላለሱ ኖረዋል። አሁን በዓይን ግፊት የተነሳ ብርሃናቸው ጠፍቷል፤ ጥላና ብርሃን ከመለየት በቀር አያዩም። ከአስር ሶላት በኋላ መስጊዱ ግንብ ሥር ባለች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ይለያሉ። «የዚህ ፍሪሲዮን አልቋል» ይላሉ። «ይሄ በሦስተኛ ማርሽ ነው ዳገቱን የወጣው፣ አበላሸው።» ሰዉ ይስቃል። በድልድዩ ማግስት ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ።

«አካም ኦልታን አባባ?» ብዬ ስለ ውሏቸው ጠየቅኩ። ድምፄን ለዩት። ከሰላምታው በኋላ «መንዳት ያስተምሩኝ» አልኳቸው።

«ፈቃድ አውጥታለች ሲሉ ሰምቼ የለም እንዴ?»

«ፈቃድ አለኝ። መንዳት ግን አልችልም።»

ሳቃቸው ሳል ተቀላቀለበት። «ይህን የሚል ሾፌር በዕድሜዬ አልገጠመኝም» አሉ። «ግን ልጄ፣ አስተምሩኝ የምትዪኝ እኔ ዓይን የለኝም። ምኑን አይቼ ላርምሽ?»

«እኔ አያለሁ። ያየሁትን እየነገርኩዎት እነዳለሁ።»

ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ነገ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ነይ» አሉኝ።

በመጀመሪያው ጠዋት ጋቢና ገብተው፣ ቀበቷቸውን ራሳቸው አስረው፣ «ቢስሚላህ» አሉና መንገድ ስንጀምር «ማል አርጊታ?» ብለው ጠየቁኝ። ምን ታያለሽ ማለታቸው ነው። ሲቆጡና ሲያስተምሩ ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል።

«መንገዱ ባዶ ነው» አልኩ።

«ባዶ መንገድ የለም። ደግመሽ እይ።»

«በቀኝ አህያ የምትነዳ ሴት አለች። በግራ ማሽላ።»

«ማሽላው ቁመቱ ምን ያህላል?»

«ከሰው በላይ ነው።»

«ከውስጡ ምን ሊወጣ ይችላል?»

«ሰው። ከብት።»

«ታዲያ ለምን ነዳጅ ትሰጫለሽ?»

እግሬን አነሳሁ። የሞተሩ ድምፅ ሲወርድ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከከሚሴ ሳንርቅ ድንገት ፍሬን ያዝኩ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ባጃጅ ከፊቴ ቆመብኝ።»

«ባጃጁ ድንገት አልቆመም። ከፊቱ ባለው ዳር ላይ ማን ነበር?»

አየሁ። ዘንቢል የያዘች ሴት እጇን ከዘረጋችበት ገና እያወረደች ነው። እኔ ባጃጁን ብቻ ሳይ ነበር፤ ባጃጁ የሚያየውን አላየሁም። ለአንድ ማየት ለተሳነው ሰው መንገዱን ስተርክ፣ ያለ ዓይን ስነዳ የከረምኩት እኔ መሆኔ ገባኝ። አፈርኩ። ግን በማግስቱም ሄድኩ።

ሁለት ወር ያህል በሳምንት ሦስት አራት ጠዋት እንወጣ ነበር። ከፊት ካለው መኪና መራቅን ያስተማሩኝ በራሳቸው መንገድ ነው። «ፊትሽ ያለው መኪና አንድ ዛፍ ሲያልፍ ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም በዪ። ሳትጨርሺ አንቺም ዛፉ ጋ ከደረስሽ ቀርበሻል። ዝናብ ከጣለ ሁለቴ በዪው።» እንዲህ እያልኩ ስነዳ ከፊቴ ሰፊ ክፍተት ይኖራል፤ ሌላው እየገባ ይሞላዋል። «ገቡብኝ እኮ!» ስላቸው «ይግቡ። ለገባው ደግሞ ራቂለት» ይሉኛል።

ቁልቁለት ሳልጀምር ማርሽ መቀነስን ከሳቸው ተማርኩ። መንገዱ ወር ሙሉ ያጠራቀመው ዘይትና አቧራ በመጀመሪያው ካፊያ እንደሚያሟልጭ፣ ከዶፉ ይልቅ ካፊያው እንደሚያስፈራ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ዝናብ ከጣለ በኋላ አንድ ክፍት ሜዳ ወሰዱኝና ያንኑ የድልድዩን ስህተት እየደጋገምኩ እንድሠራው አዘዙኝ። ፍሬኑን ስረግጥ ጎማው ይቆልፋል፤ መኪናዋ ትንሸራተታለች። «ልቀቂው! አሁን ደግመሽ ያዢው፣ ቀስ ብለሽ። ወደምትሄጂበት እንጂ ወደሚያስፈራሽ አትዪ!» ይሉኛል። እንደዚያ ስል መኪናዋ ትታዘዘኛለች። ስንወጣ ሁለታችንም ጭቃ ነክቶናል፤ መስኮቱን ከፍቼ ነበርና።

አንድ ቀን አንድ ሾፌር አላግባብ ደርቦ አለፈኝ። ክላክሱን አስጮህኩና ከኋላው ተከተልኩ። ሽማግሌው የሞተሩን ድምፅ ሰምተው «ዳር አቁሚ» አሉ። አቆምኩ።

«ይሄን እልህ ቤትሽ ትተሽው ነይ።»

«እልሄ ባይኖር እዚህም አልመጣም ነበር አባባ።»

«እውነት ነው» አሉ። «እንግዲያው የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጪው። ይከተልሽ፤ መሪውን ግን አይንካ።»

ብዙ ነገር አስተምረውኛል፤ ይህን ያህል የከበደኝ ግን አልነበረም። ያችን ሽንኩርት ነጋዴ ባስታወስኩ ቁጥር እልሄ ይነሳና እግሬ ነዳጁ ላይ ይከብድ ነበርና።

መናኸሪያ አካባቢ ያሉት ሾፌሮች ነገራችንን ሲያዩ ሰነበቱ። «የማያዩ አሠልጣኝ የቀጠረች» ብለው ጀመሩ። ቀጥሎ «ሱታ» አሉኝ። ሱታ በኦሮምኛ ቀስ ማለት ነው። በአጠገባቸው ሳልፍ «ሱታ መጣች! ዛሬ ወጥታ ነገ ትደርሳለች!» ይላሉ። አንዱ ተሳቢ ሾፌር ሳይቀር በመስኮቱ ወጥቶ «ሱታ! ሱታ!» ብሎኝ አለፈ። መጀመሪያ ላይ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ባሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣና «ልሂድ፣ ላናግራቸው» አለ። ከለከልኩት። በማግስቱ ሱቆች ላይ የሚጽፍ ሰዓሊ ፈልጌ፣ በመኪናዬ የኋላ መዝጊያ ላይ በትልቅ ቀይ ቀለም «ሱታ» ብሎ እንዲጽፍልኝ አደረግኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ ሰዓሊው።

«ከሩቅ እንዲነበብ አድርገው» አልኩት።

በመናኸሪያው በር ቀስ ብዬ አለፍኩ። የሳቀ ነበር፤ ግን እንደ በፊቱ አልጮኹም። ስድቡን ራሴ ተሸክሜው ስሄድ ምን ይበሉ?

አረፋ ሲቃረብ የሰንበቴ ገበያ ከሌላው ጊዜ ይለያል። ከቆላ ግመል፣ ከደጋ በግ፣ ከሸለቆው በሬ ይጎርፋል፤ ከብቱ መንገዱን የራሱ ያደርገዋል። ዕቃዬን ሸጬ ስጨርስ የባሌ እህት መጣች። ለበዓሉ ትልቅ ሙክት ገዝታለች፤ ሚኒባሶቹ ግን ከነሙክቱ አንጭንም ብለዋታል። ሌላ መንገድ የላትም። እስከዚያ ቀን እኔ በምነዳት መኪና ገብታ አታውቅም።

ሙክቱን ከኋላ አስረን ጋቢና ገባች። «እትዬ፣ ቀበቶውን ይሰሩ» አልኳት። እንደ ታላቅነቷ አንቱ ነው የምላት።

«እኔስ ሙክት ነኝ የምታስሪኝ?»

«ካልታሰሩ መኪናዋ አትነሳም።»

«ትነሳለች።»

ቁልፉን አጥፍቼ ከመሪው ላይ እጄን አነሳሁ። ውጭ ያሉ ሰዎች ማየት ጀመሩ። ፀሐዩ ጋቢናውን አጋለው። ከኋላ ሙክቱ ጮኸ። «ሱብሃነላህ፣ ምን ዓይነት ሴት ነች!» አለችና ቀበቶውን ጎትታ አሰረች። ተነሳን።

ከሰንበቴ ወጣ እንዳልን ከኋላችን አንድ ሚኒባስ ተጣበቀብን። ክላክሱን አያቋርጥም። እሷ በመስኮት ዘወር እያለች ታያለች። «ኧረ ሂጂ! ያሰድቡናል እኮ። ፊትሽ ያለው ጭነት መኪና ተንቀራፎ የለ፣ ቅደሚው!» አለችኝ።

ልምድ ሆኖብኝ የማየውን ጮክ ብዬ እናገራለሁ። «ጭነቱ ወደ ዳር ወጣ፣ ሊቆም ነው» አልኩ። «ከሱ ወዲያ በቀኝ ከብት አለ፤ ብዙ ነው። በግራ አንድ ሰውዬ ዱላውን ከፍ አድርጎ ፊቱን ወደ ከብቶቹ አዙሯል። አንድ በሬ ተሻግሮ አጠገቡ ቆሟል። ባለቤቱ በግራ ነው፤ ሌሎቹም ወደሱ ይሻገራሉ።»

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለች።

ሁለቱንም ፍሬቻ አበራሁ። የኋላው እንዲያይ የፍሬን መብራቴን ሁለት ሦስቴ ብልጭ አደረግኩ። ማርሽ ቀንሼ ፍጥነቴን በዝግታ አወረድኩና ቆምኩ። የመጀመሪያዎቹ ላሞች አስፋልት ሲረግጡ ሚኒባሱ ከኋላዬ ወጥቶ፣ ክላክሱን እየለቀቀ በግራዬ ተወረወረ።

ከብቶቹን ሲያይ ጊዜው አልፎ ነበር። ጎማው ሲጮህ ሰማሁ። መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ፤ ዱላ የያዘው ሰውዬ ዘሎ ወደቀ። ሚኒባሱ ከአስፋልቱ ወርዶ ቦዩ ውስጥ በጎኑ ተኛ። ከዚያ አቧራ ብቻ ሆነ።

«ያ ረቢ! ያ ረቢ!» ትላለች የባሌ እህት። ቀበቶዋን ፈታሁላት። «እትዬ፣ ወደ ኋላ ይሩጡ። ከዳር ሆነው ሻርፕዎን እያውለበለቡ የሚመጣውን መኪና ሁሉ ያስቁሙ። ማንም እዚህ እንዳይደርስ!» አልኳት። ጫማዋን ጥላ ሮጠች።

እኔ ወደ ሚኒባሱ ሄድኩ። ከጭነቱ መኪና የወረደው ሾፌርና ባለከብቱ አገዙኝ። ባለከብቱ አቧራ ከመልበሱ በቀር ደህና ነበር። ሰዎቹን በመስኮት እያወጣን ዳር አስቀመጥናቸው። አንዲት ሴት ክንዷ ተሰብሯል፤ አንድ ሽማግሌ ግንባራቸው ተከፍቶ ይደማል። ሌላው ጭረት ነው። ማንም አልሞተም፤ አልሀምዱሊላህ። ሽማግሌውን ከመኪናዬ ባወጣሁት ንጹሕ ጨርቅ እያሰርኩ ሳለ የሚኒባሱ ሾፌር ተነስቶ መጣ። ከንፈሩ ይደማል።

«አንቺ ነሽ!» አለ። «መንገድ መሃል ቆመሽ ሰው ልትፈጂ! ሴት መሪ ስትይዝ እንዲህ ነው!»

ከተሳፋሪዎቹ አንዳንዶቹ «እውነቱን ነው፣ ለምን ቆመች?» አሉ። እነዚያን ሰዎች በእጄ ጎትቼ አውጥቻቸው ነበር። እልሄ ተነሳ። ጨርቁን ቋጥሬ ጨረስኩና ቆምኩ።

«ቆምኩ» አልኩት። «ነገም ከብት ሲሻገር ካየሁ እቆማለሁ። ከኋላዬ ከሆንክ አንተም ትቆማለህ።»

ትራፊኩ ሲደርስ መጀመሪያ የጠየቀኝ እኔን ነው። «ለምን ቆምሽ?» አለ። ለሽማግሌው አስተማሪዬ እንደምተርከው ተረኩለት፤ ጭነቱ ወደ ዳር ሲወጣ፣ የሰውዬው ዱላ፣ የተሻገረው በሬ፣ ፍሬቻዬ፣ ከኋላዬ ያለው መኪና ምን ያህል ቀርቦ እንደነበር። ሄዶ የጎማውን ጭረት በእርምጃው ለካ። የእኔን ጎማ ምልክት ፈለገ፤ አላገኘም፤ ሳላንሸራትት ነው የቆምኩት። ባለከብቱ አማርኛው ብዙም አይደለም፤ በጣቱ እኔን እያሳየ «ነ አርጊቴ! ነ አርጊቴ!» ይል ነበር። አይታኛለች ማለቱ ነው።

የባሌ እህት እስክትመጣ ጥቂት ቆየን። ባዶ እግሯን፣ አቧራ ለብሳ፣ ሻርፗን በእጇ ጠቅልላ መጣች። ከኋላዋ የጭነት መኪናና አውቶቡስ ተሰልፎ ቆሟል፤ ሁሉንም እሷ ናት ያስቆመችው። ሾፌሩ አሁንም እየጮኸ ነበር። ፊቱ ቆመች።

«እኔም ቅደሚ ብያት ነበር» አለችው። «ካንተ እኩል ጮኼባታለሁ። እንኳንም አልሰማችኝ። ሰምታኝ ቢሆን አሁን ቦዩ ውስጥ የተኛሁት እኔ ነበርኩ። በል አሁን ዝም በል።»

ከንፈሩን በእጅጌው ጠርጎ ዘወር አለ። እሷ ዝም በል ስትል የማይሰማ የለም።

የተጎዱትን ሁለቱን ጭኜ ጨፋ ሮቢት ጤና ጣቢያ አደረስኳቸው። ሽማግሌው ከፊት፣ ክንዷ የተሰበረው ሴት ከኋላ ከባሌ እህት ጋር። ሴትዮዋ በየጉድጓዱ ስታቃስት የባሌ እህት «ሱታ፣ ሱታ» ትለኝ ነበር። ለስድብ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ።

ያ ሾፌር ጥፋተኛ ተባለ፤ ከዚያም ተመልሶ ሥራ ጀመረ። ይቅርታ አልጠየቀኝም። አሁንም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ክላክስ ይነፋብኛል። መናኸሪያ ላይም «ባትቆም ኖሮ አይወድቅም ነበር» የሚሉ አሉ። በፊት ቢሆን እከራከር ነበር። አሁን በምሄድበት ፍጥነት እሄዳለሁ፤ የሚናገር ይናገር።

ከወራት በኋላ መኪናዬ ጋራዥ ገብታ በሚኒባስ ከሰንበቴ ስመለስ አምስት ነጋዴ ሴቶች አብረን ተሳፈርን። ጨው ነጋዴ፣ ቅቤ ነጋዴ፣ ሁለት እህል ነጋዴዎችና እኔ። ሾፌሩ ጉብል ነው። ጨፋ ሮቢት ልንደርስ ስንል ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ይዞ በአንድ እጁ ይነዳ ጀመር።

«ወንድሜ፣ ስልኩን አስቀምጠው» አልኩት።

«ከፈራሽ ውረጂ» አለኝ ሳይዞር።

ድሮ ዝም ብዬ ነበር። «አቁም። እወርዳለሁ» አልኩ።

ሊያሳፍረኝ ብሎ አቆመ። ወረድኩ። ሜዳው ላይ ብቻዬን ሊያስቀረኝ በሩ ሊዘጋ ሲል ጨው ነጋዴዋ እግሯን በሩ ላይ አደረገች። «እኔም እወርዳለሁ» አለች። ከዚያ ቅቤ ነጋዴዋ፣ ቅሏን አቅፋ። ከዚያ ሁለቱ። ጭነታችንን ከላይ አስወርደን አስፋልቱ ዳር ቆምን። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ቅቤዋ ልትቀልጥባት ነው።

ሾፌሩ ጥቂት ጠበቀ። ስልኩን ኪሱ ከተተና በመስኮቱ ብቅ ብሎ «በቃ፣ ግቡ እሺ» አለ።

«ሂድ አንተ» አለችው ቅቤ ነጋዴዋ።

ሄደ። ረዘም ላለ ጊዜ በአቧራው ውስጥ ቆመን ጠበቅን። ሌላ ሚኒባስ ሲመጣ እጃችንን ዘረጋን። አቆመ። ከመግባታችን በፊት ወደ ሾፌሩ መስኮት ሄድኩ።

«ስልክ እያወራህ ትነዳለህ?» አልኩት። «ፊትህን ሳታይ ደርበህ ታልፋለህ?»

ከእኔ ወደ ሴቶቹ፣ ከሴቶቹ ወደ እኔ አየ። «ምንድን ናችሁ እናንተ፣ ትራፊክ ናችሁ?»

«ተሳፋሪዎች ነን» አልነው። ስልኩን አጥፍቶ ከፊቱ ያለው መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ያኔ ዕቃችንን አንስተን ገባን።